የጠረጴዛ ሌዘር መቁረጫ፦ ከምርጫው እስከ መጀመሪያው የእንጨት ስም

የበር ላይ ስም፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የጌጣጌጥ ሣጥን፣ የኬክ ላይ ጽሑፍ፤ እነዚህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ አንድ ማሽን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ሌዘር መቁረጫ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ምንድነው የምትቆርጠው? ጭሱንስ በየት በኩል ልታስወጣው ነው? ሁለቱ ከተመለሱ ምርጫው አብዛኛው አለቀ። ካልተመለሱ ግን ውድ ማሽን ተገዝቶ ጥግ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ከታች ያለው መመሪያ ከምርጫው ተነስቶ፣ በፊደላችን የተጻፈ አንድ ስም ከእንጨት ቆርጦ እስከማውጣት ይሄዳል።

1. መጀመሪያ የምትቆርጡትን ወስኑ

ለቤት የሚሆኑት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዳዮድ ሌዘር ነው። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ሌላው ሲኦቱ ሌዘር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት የመስታወት ቱቦ ይሠራል። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር ነው።

ይህ የቁጥር ልዩነት ሥራ ላይ በደንብ ይታያል። ሰማያዊ ብርሃን በጠራ አክሪሊክ (ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ) ውስጥ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዳዮድ ሌዘር ጥቁር አክሪሊክ ሲቆርጥ ብርጭቆ የሚመስለውን ግን አይነካውም። ሰማያዊው አክሪሊክም ያስቸግረዋል። ሲኦቱ ቀለም አይመርጥም፤ የጠራውንም ባለቀለሙንም አጥርቶ ይቆርጣል። ሐሳባችሁ የኬክ ላይ ጽሑፍና የሽልማት ሰሌዳ በጠራ አክሪሊክ መሥራት ከሆነ ዳዮድ አትግዙ። እንጨት፣ ካርቶን፣ ቀርከሃና ቆዳ ከሆነ ግን ዳዮድ ይበቃችኋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ብረት ቆርጦ የሚያወጣ የለም፤ ሁለቱም አይችሉም። ዳዮድ ባለቀለም አኖዳይዝድ አልሙኒየምና ስቴንለስ ስቲል ላይ ምልክት ያወጣል። ብርና ወርቅ ላይ ለመጻፍ ለሚፈልግ ፋይበር ሌዘር የሚባል ሌላ ማሽን አለ፤ እሱ በ1,064 ናኖሜትር ይሠራል።

አሁን ወደ ዋት እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «40 ዋት» ይባልና ዝርዝሩ ሲነበብ ቁጥሩ ማሽኑ ከመብራት የሚስበው ኃይል ሆኖ ይገኛል። እንጨቱን የሚቆርጠው ግን ከሌንሱ የሚወጣው ብርሃን ነው። ሻጩን «የብርሃኑ ዋት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰማያዊ ዳዮድ ብቻውን የሚሰጠው 5 ወይም 6 ዋት ገደማ ነው። 10 ዋት የሚባለው የሁለት ዳዮድ፣ 20 ዋቱ ደግሞ የአራት ዳዮድ ብርሃን ተጣምሮ ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 10 ዋት ይበቃል። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር አዘውትራችሁ የምትቆርጡ ከሆነ 20 ዋት ውሰዱ።

ዳዮዶች ክፍት ፍሬም ያላቸውም፣ በሣጥን የተዘጉም አሉ። ክፍቱ ርካሽ ነው፤ ትልቅ እንጨትም ያስገባል። ነገር ግን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው፣ ደረጃ 4 ከሚባሉት ሌዘሮች ይመደባል። ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን ብቻ ዓይን ያጠፋል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋውና ክዳኑ ሲከፈት ራሱን የሚያጠፋው ደረጃ 1 ይባላል። ቤታችሁ ልጅ ካለ ወይም ጎረቤት ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት ከሆነ የተዘጋውን ግዙ። በዚህ ጉዳይ ዋጋ አያከራክረኝም።

ሲኦቱ ለመግዛት የቆረጣችሁ ደግሞ አገር ቤት ሆናችሁ አስቀድማችሁ የምታስቡባቸው ነገሮች አሉ። ቱቦው በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ቆሻሻ ይጋግርበታል። ቱቦው ከጊዜ ጋር ጉልበቱ ይደክማል፤ በመንገድ ላይም ይሰበራል። ስለዚህ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አትክፈሉ። ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የሲኦቱ ቱቦ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚሠራው። በሳሳ አየር ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ በቀላሉ ብልጭ ብሎ ይዘላል፤ ፋንም የማቀዝቀዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። አምራቹ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚፈቅድ ጠይቁ። ግራውንድ ያለው ሶኬት ከሌለ አትሰኩት።

ከአሜሪካ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት አስነብቡት። 110 ቮልት ብቻ የሚለውን እኛ ጋ 220 ላይ ብትሰኩት ያበቃለታል። ግሎውፎርጅን የመሰሉ ሥራውን በኢንተርኔት አማካይነት የሚቀበሉ ማሽኖችም አሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራም ይቆማል። ላይትበርን ወይም ሌዘር ጂአርቢኤል በሚባሉት ሶፍትዌሮች በኬብል የሚታዘዝ ማሽን ለእኛ ሁኔታ የተሻለ ነው። ሌዘር ጂአርቢኤል ነፃ ነው፤ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ላይትበርን ይከፈልበታል፤ ግን የሙከራ ጊዜ አለው።

2. ቦታውንና ጭሱን አዘጋጁ

የእንጨት ጭስ ደቃቅ ብናኝ ይይዛል። የኮምፔንሳቶና የኤምዲኤፍ ሙጫ ሲቃጠል ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ይለቃል። መስኮት ከፍቶ መሥራት አይበቃም። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ ቱቦና የሚገጥመው ፋን ያስፈልጋችኋል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በተጣመመ ቁጥር አየሩ ይዳከማል።

ፋኑን ከማሽኑ ሥር ሳይሆን ከመስኮቱ ዘንድ ግጠሙት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፋኑ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቱቦው ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መነሻው ላይ ከሆነ ግን በዚያው ቀዳዳ ጭሱን ወደ ክፍሉ ይገፋዋል። መሳቡን ለማወቅ ዕጣን አጭሱና ሌዘሩ ሳይበራ፣ ፋኑ ብቻ እየሠራ፣ ከማሽኑ ክዳን ጠርዝ አጠገብ ያዙት። ጭሱ ተጎትቶ ወደ ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ከወጣ ፋኑ ደካማ ነው ወይም አንድ ቦታ ያፈስሳል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት መስኮት የት እንደሆነ አይታችሁ አውጡት።

ጠረጴዛው ላይ ላሜራ አንጥፉ። ክፍት ዳዮድ እንጨቱን ከበሳ በኋላ ጠረጴዛውን መቁረጥ ይቀጥላል። መጋረጃ ከአጠገቡ ይነሳ። እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ላይ የውሃ መርጫና የእሳት ማጥፊያ ይኑር። ማጥፊያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል፤ ዱቄቱ እሳቱን ቢያጠፋም ማሽኑን ያበላሸዋል። በውሃ መርጫው እንጨቱ ላይ የያዘችን ትንሽ ነበልባል ማጥፋት ትችላላችሁ፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ላይ ግን በፍጹም አትርጩ።

መነጽሩ ለማሽናችሁ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት። ቁጥሩ ፍሬሙ ወይም ሌንሱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የ450 ናኖሜትሩ መነጽር ለሲኦቱ አይሆንም፤ የሲኦቱም ለዳዮድ አይሆንም። የፀሐይ መነጽር ለሁለቱም አይረባም።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ለድርድር አይቀርብም። ማሽኑ እየቆረጠ ከክፍሉ አትውጡ። ቡና ፈልቶ ቢጠሯችሁም መጀመሪያ ማሽኑን አቁሙና ሂዱ። ካርቶንና አክሪሊክ በአንድ አፍታ ነው የሚነዱት።

3. ማሽኑ ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ

ፒቪሲ ዋነኛው ነው። በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል። ሳንባ ይጎዳል፤ ማሽኑንም ከውስጥ ያዝገዋል። ችግሩ ፒቪሲ ስሙን ቀይሮ መምጣቱ ነው። ብዙ ሰው ሰራሽ ቆዳ፣ ተለጣፊ ቪኒል፣ የማስታወቂያ ፎም ሰሌዳ ውስጡ ፒቪሲ ነው። ሻጩ «ኧረ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ።

መለያ መንገድ አለ። ደጅ ውጡ። የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ያዙና እሳት ላይ እስኪቀላ አግሉት። የጋለውን ሽቦ ፕላስቲኩ ላይ ነካ አድርጉና ጥቂት ይዞ ሲነሳ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ወደ ማሽኑ አይጠጋም። ትንሽ ቁራጭ ብቻ ተጠቀሙ፤ ነፋሱንም ከኋላችሁ አድርጉ።

ቆዳ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል ጎጂ የክሮሚየም ውህድ ሊወጣው ይችላል። በእፅዋት የለፋውን ፈልጉ። ቀለም ያልገባበት ከሆነ ጠርዙን ቆርጣችሁ እዩት፤ በክሮም የለፋው መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፤ በእፅዋት የለፋው ቡናማ ነው። ኤቢኤስ ቀልጦ ይዝረከረካል፤ ፖሊካርቦኔት ጠቁሮ ይቃጠላል፤ ፋይበርግላስም አይሞከርም። መስታወት መሰል የሚያንጸባርቅ ነገርም በክፍት ማሽን ላይ አታስቀምጡ።

4. ግጠሙ፣ ከዚያ ካሬ ቁረጡ

ከካርቶኑ ሲወጣ ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቁ፤ ቺንጋዎቹም የላሉ እንዳይሆኑ እዩ። የላላ ቺንጋ ክብ ቅርጽን እንቁላል ያደርገዋል። ከዚያ ከካርቶን ላይ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ካሬ ቁረጡ። ጎኖቹን ለኩ። ሁለቱን ሰያፍ መስመሮችም ለኩ፤ ሁለቱም 141.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከረዘመ ፍሬሙ ተጣሟል። ብሎኖቹን አላልታችሁ አቃኑትና እንደገና ቁረጡ። ይሄ ካልተስተካከለ በኋላ የሣጥን ጎኖች አይገናኙም።

5. የሙከራ ካርድ

የሌላ ሰው ቁጥር የሌላ ሰው ነው። ኮምፔንሳቶ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። «3 ሚሊ» ተብሎ የተገዛው በካሊፐር ሲለካ 2.7 ወይም 3.4 ይሆናል። ሙጫው ለውጭ በር የሚሆን፣ ውሃ የማይበግረው ከሆነ ሌዘርንም ያስቸግረዋል። ውስጡ የተደበቀ ጉጥ ካለ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሳይበሳ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አዲስ ጣውላ ጥግ ላይ መጀመሪያ የሙከራ ሰንጠረዥ ቁረጡ። ላይትበርን ይህን የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለው፤ በአንድ በኩል ፍጥነቱን፣ በሌላ በኩል ጉልበቱን እየቀያየረ ትንንሽ ካሬዎች ይቆርጣል።

ለመነሻ ያህል፣ በ10 ዋት ዳዮድ 3 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ኮምፔንሳቶ ለመቁረጥ ጉልበቱን 100 በመቶ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ለመቅረጽ ከ30 እስከ 50 በመቶ ጉልበትና በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር ሞክሩ፤ በመስመሮቹ መሃል 0.1 ሚሊ ሜትር ይኑር። የፍጥነቱን መለኪያ ግን አስተውሉ። ሌዘር ጂአርቢኤል በደቂቃ ይቆጥራል፤ ላይትበርን በሰከንድም በደቂቃም ያስመርጣል። በሰከንድ 5 ማለት በደቂቃ 300 ነው። 300ውን በሰከንድ ላይ ከጻፋችሁት ማሽኑ እንጨቱን ሳይበሳ ይበራል።

ትክክለኛው ቅንብር የትኛው ነው? ካሬው ሲነካ በራሱ የሚወድቀው፣ ጠርዙም ቡናማ እንጂ ከሰል ያልሆነው። ከበሱት መካከል ፈጣኑን ምረጡ። ውጤቱን ያው ጣውላ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉና ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ወደ ጫፉ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ አብሩት፤ ነበልባሉን ያጠፋል፣ ጭሱን ከብርሃኑ መንገድ ላይ ያስወግዳል፣ ጠርዙም ንጹሕ ይሆናል።

6. ፊደሉን ማዘጋጀት

ከውጭ የመጡት የትምህርት ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። በላቲን የሚጽፉት ተያይዞ የሚጻፍ ፎንት ይመርጡና ስሙ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። የኛ ፊደል አይያያዝም። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ ማያያዣውን ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ።

ምሳሌ እንውሰድ፤ «ቤተልሔም»። ኢንክስኬፕ የሚባለውን የሥዕል ሶፍትዌር ክፈቱ፤ ነፃ ነው። ስሙን በወፍራም ፎንት ጻፉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ የውፍረት ደረጃ ስላለው ለዚህ ሥራ እወደዋለሁ። አቢሲኒካና ኒያላ ለዓይን ያምራሉ፤ ለመቅረጽ ምርጥ ናቸው፤ ቆርጦ ለማውጣት ግን ቀጫጭን መስመሮቻቸው ይሰበራሉ። የኔ ልኬት ይህ ነው፦ የፊደሉ ቀጭኑ ክፍል ከእንጨቱ ውፍረት አይነስ። 3 ሚሊ ሜትር እንጨት ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ እግር አይኑር። የቤ እና የሔ እግር ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀለበቶች አጉልታችሁ እዩ፤ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። የቀጠኑ ከሆነ ስሙን አሳድጉት ወይም ፊደሉን አወፍሩት።

ጽሑፉን ምረጡና በ«ፓዝ» ዝርዝር ውስጥ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» የሚለውን ተጫኑ። አሁን ፊደሉ ቅርጽ ሆነ፤ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ቢሄድም አይቀየርም። ይህን የዘለለ ሰው ስሙን እንደጻፈው ላያገኘው ይችላል።

ከፊደሎቹ ሥር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አግድም ዘንግ ሳሉ። ፊደሎቹ ዘንጉ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይግቡ። ከዚያ ሁሉንም መርጣችሁ «ዩኒየን» በሉ፤ ሁሉም አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። ይህ ካልተደረገ ሌዘሩ የተደራረበበትን መስመር ሁሉ ይቆርጠውና ፊደሎቹ ከዘንጉ ተለይተው ይወድቃሉ። እንደ ተ፣ ቀ እና ዋ ያሉት በአንድ እግር ስለሚቆሙ ዘንጉ ብቻ አያስተማምንም። አንገታቸው አካባቢ ከጎረቤት ፊደል ጋር በትንሽ ድልድይ አገናኟቸው ወይም ፊደሎቹን አቀራርባችሁ ጎናቸው እንዲነካካ አድርጉ።

ነገሩ የሚገለበጠው ደግሞ ፊደሉን እንደ ቀዳዳ ስትቆርጡ ነው፤ ለምሳሌ በቀለም ማተሚያ ስቴንሲል ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ መብራት ላይ። ያኔ የመ ሁለት ዓይኖች፣ የወ፣ የዐ፣ የፀ ውስጥ ያለው እንጨት የሚይዘው የለም፤ ተቆርጦ ይወድቃል። እያንዳንዱን ዓይን ከውጭው ጋር የሚያያይዝ 2 ሚሊ ሜትር ድልድይ ያስፈልገዋል። ድልድዩን ከፊደሉ ወገብ ላይ ብታደርጉት አነባበቡን አያበላሽም።

በኤስቪጂ (የቅርጽ ፋይል ዓይነት ነው) አስቀምጡትና በላይትበርን ክፈቱት።

7. ቆረጣው

እንጨቱ ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ጭሱ ፕላስተሩን እንጂ እንጨቱን አያጠቁረውም። እንጨቱ ከተንጋደደ ጠርዞቹን በማግኔት ወይም በክብደት ያዙት። በክረምት እርጥበት ኮምፔንሳቶ ቶሎ ስለሚጎብጥ በጠፍጣፋ ቦታ አስተኝታችሁ አቆዩት። ከዚያ ፎከሱን ከማሽኑ ጋር በመጣው መለኪያ አስተካክሉ። የፎከስ ርቀት በ1 ሚሊ ሜትር እንኳ ሲዛነፍ ቀጭኗ ነጥብ ትሰፋለች፤ የቆረጣ ጉልበቷም ይወድቃል።

ቅደም ተከተሉ መቅረጽ፣ የውስጥ ቀዳዳዎች፣ በመጨረሻ የውጭው መስመር ነው። የውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ እንጨቱ ወርዶ ይንቀሳቀስና ቀሪው ይዛባል። «ፍሬም» የሚለውን ተጭናችሁ ጫፉ የሚዞርበትን አካባቢ ተመልከቱ። መነጽር አድርጉ፤ ፋኑን አብሩ፤ ጀምሩ።

መብራት መሃል ላይ ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ተዘጋጁ። 10 ዋት ዳዮድ ከመብራት የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ለኮምፒውተር በሚሆን ዩፒኤስ ቢያንስ ሥራውን መጨረስ ወይም በሥርዓት ማቆም ይቻላል፤ ፋኑንም እዚያው ላይ ሰኩት። ሲኦቱ ከነፓምፑ ብዙ እጥፍ ይስባል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ሥራውን በ«አብሶሉት ኮርድስ» ጀምሩ፤ ማለትም ማሽኑ ቦታውን ከራሱ መነሻ ጥግ ይቁጠር። መብራት ሲመለስ እንጨቱን ሳትነኩ ማሽኑን ወደ መነሻው መልሱ፤ ከዚያ በላይትበርን «ፕሪቪው» ውስጥ መስመሩን ወደቆመበት ጎትታችሁ «ስታርት ሂር» በሉ። እንጨቱን ከነካችሁት ግን ያው ቦታ ላይ መመለስ አይቻልም።

ሲያልቅ ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ፤ ፋኑ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። ስሙን ከማንሳታችሁ በፊት ጥጉን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ካልተላቀቀ በጉልበት አትጎትቱ፤ እንጨቱን ሳታንቀሳቅሱ አንድ ዙር ጨምሩበት።

8. ሣጥን ለሚሠሩ

ሌዘር እንደ መጋዝ ሁሉ የሚበላው ስፋት አለው፤ ከርፍ ይባላል፤ በዳዮድ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለስም ጽሑፍ ግድ የለም። ጥርስ ለጥርስ ለሚገጥም ሣጥን ግን ልዩነቱ መላላትና መጥበቅ ነው። ለማወቅ 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አራት ማዕዘን ሳሉና በ10 እኩል ቁራጭ ክፈሉት። ቆርጣችሁ ቁራጮቹን በወጡበት ቀዳዳ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ግፏቸው። በሌላው ጫፍ የቀረውን ክፍተት በካሊፐር ለኩና ለ11 አካፍሉት፤ መስመሮቹ 11 ናቸውና። ክፍተቱ 1.65 ከሆነ ሌዘሩ የሚበላው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በላይትበርን የከርፍ ማካካሻ ቦታ ላይ የዚህን ግማሽ፣ 0.075፣ ጻፉ። በዚህ የተቆረጠ ሣጥን በእጅ ተጭኖ ይገጥማል፤ ኮላውም ጠብታ ብቻ ይበቃዋል።

9. ከሥራ በኋላ

የመቁረጫው ወንፊት ሥር የወደቁ ትንንሽ ቁራጮች ለሚቀጥለው ሥራ ማገዶ ናቸው፤ በየቀኑ ጥረጉ። ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌንሱን የሚሸፍነውን መስታወት በአልኮል በተነከረ ጥጥ በቀስታ ጥረጉት። ትናንት በአንድ ዙር የተቆረጠው ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጭስ ጥላሸት ነው። የስሙን ፕላስተር ላጡ፤ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጉት፤ ጥቁር ብናኙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ቫርኒሹን ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ።